አፍ ካላት ትተንፍስ

ይህን ጽሑፍ ሦስት ሳምንት አቆይቼዋለሁ። ውስጡ የራሴ ጥፋት አለበት፤ ሰው የራሱን ጥፋት ሲጽፍ ደግሞ እጁ ይከብደዋል። የመኪናዋ ባለቤት «ጻፈው፣ ስሜን ብቻ እንዳታነሳ» ስላሉኝ ይኸው።

«ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸውን ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። እዚህ አገር ታክሲ የነዳ አበሻ ብርቅ አይደለም። ታክሲውን ሲያቆም ባጠራቀማት ገንዘብ የ1967 ፎርድ ሙስታንግ የገዛ አበሻ ግን ከእሳቸው ሌላ አላጋጠመኝም። ዓመቱ በፈረንጆቹ ነው። ጋሼ «የስልሳ ሰባት ናት» ሲሉ እኩዮቻቸው «የዘመቻው ዓመት?» እያሉ ያሾፉባቸዋል፤ በእኛ 67 የዕድገት በኅብረት ዘመቻ የተጀመረበት ዓመት ነዋ። መኪናዋ በእኛ አቆጣጠር የ59 ወይም የ60 ልጅ ናት።

ለምን ሙስታንግ? አባታቸው የመንግሥት ሠራተኛ ሆነው አስመራ ተዛውረው ስለነበር ልጅነታቸው እዚያ ነው ያለፈው። በዚያን ጊዜ ቃኘው የሚባለው የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር አስመራ ውስጥ ነበር። አንድ ወታደር ቀይ ሙስታንግ ነበረው። የሰፈሩ ልጆች የመኪናዋን ስም ስለማያውቁ ፊቷ ላይ የምትጋልበውን ምልክት አይተው «ፈረሷ» ይሏታል። ጋሼ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ፈረሷ ስታልፍ ለማየት መንገድ ዳር ይቆማሉ። በቃ ይኸው ነው። ሃምሳ ዓመት ቆይቶ የሚፈነዳ ምኞት አለ።

እኔ የሄድኩት ላነጋግራቸውና አጭር ታሪክ ልጽፍ ነበር። ጋራዡ ውስጥ ትልቅ ካርቶን አየሁ፤ ውስጡ ጥቁር፣ ቀላል፣ የተገለበጠ ገበታ የሚመስል ነገር። ከፋይበር ግላስ የተሠራ፣ ኮፈን ላይ የሚቀመጥ አየር መሳቢያ ነው። ፈረንጆቹ ስኩፕ ይሉታል፣ ጋሼ «አፍንጫ»። ቀኝ ትከሻቸውን ታመዋል፣ ከደረታቸው በላይ እጃቸውን ማንሳት አይችሉም። «እጅህ ከብዕር ሌላ ይይዛል?» አሉኝ። ይይዛል አልኩ። ጥፋቱ የጀመረው እዚህ ጋ ነው።

አዲስ አበባ ላላችሁ፦ ናፍጣ ሂሉክስ ኮፈን ላይ ያቺን የተከፈተች አፍ አይታችኋል አይደል? የሂሉክሷ ሥራ ከሥሯ ላለው የተርቦ አየር ማቀዝቀዣ ንፋስ መስጠት ነው። የስድሳዎቹ የአሜሪካ ጉልበተኛ መኪኖች ላይ ያለው ደግሞ ለካርቡራተሩ ቀዝቃዛ አየር ለማቀበል ነው። ኮፈን ሥር ያለው አየር በሞተሩ ግለት የተነሳ ስስ ነው። አሥር ዲግሪ የቀዘቀዘ አየር ወደ 3 በመቶ ገደማ ይወፍራል፤ አየር ሲወፍር ቤንዚኑም አብሮ ይጨመራል፣ ጉልበት ይገኛል። ወሬው ሲጋነን ነው እንጂ ከዚህ አያልፍም። አየሩን ገፍቶ ለማስገባት ደግሞ ፍጥነት ያስፈልጋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በየመብራቱ ለሚቆም ሰው ጥቅሙ ከዓይን አይዘልም።

እንዲያውም ብዙዎቹ የውሸት ነበሩ። የዚህ ዓይነት መኪኖች ሁሉ በኩር ነው የሚባለው የ1964 ፖንቲያክ ጂቲኦ ኮፈኑ ላይ ሁለት አፍ ነበረው፤ ሁለቱም ድፍን። ከሥራቸው ላሜራ ነው፣ ምንም አያስገቡም። ለዚህ ነው መጀመሪያ በጋሼ ሐሳብ የሳቅሁት። የሳቅሁት ደግሞ የምሳቅ ሰው ሆኜ ሳለ ነው፤ ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ኒኮላስ ኬጅ «ኤሌኖር» የሚላትን ሙስታንግ ሲሰርቅ አፌን ከፍቼ ካዩት አንዱ ነኝ። ኤሌኖርም የ67 ሙስታንግ ናት፣ ኮፈኗ ላይ ስኩፕ አለ።

«ሳንቀድድ ከላይ እንለጥፈው፣ ማን ያውቃል?» አልኳቸው።

«አፍ ካላት ትተንፍስ» አሉ። ሌላ አልተናገሩም።

ትልቁ ልጃቸው ግን ተቃወመ። እዚህ ተወልዶ ያደገ፣ ጨዋ ልጅ ነው። ክርክሩ አጭር ነበር፦ ኮፈኑ ከፋብሪካ የወጣ የ1967 ላሜራ ነው፣ አንዴ ከተቀደደ አይመለስም፣ የመኪናዋ ዋጋ ይወርዳል። ለሙስታንግ አዲስ ኮፈን እንደ ልብ ይሸጣል፤ እሱን ገዝተን እንቅደድ፣ ዋናው ጋራዥ ውስጥ ይቀመጥ። ጋሼ «ልጄ፣ እኔ ሙዚየም አልከፈትኩም» አሉት። ልጁ ተናዶ ሄደ። እውነቱን ለመናገር ልጁ ትክክል ነበር፣ ዛሬም እንደዚያ ነው የማስበው። አፌን አውጥቼ ግን አልተናገርኩም። በአባትና በልጅ መሀል ገብቼ ምን ልሁን?

ክርክሩን ግማሽ በግማሽ የፈታው ብርጭቆ ወረቀት ነው። ቀለሙን ስንፍቅ በስተፊት በኩል የመዳፍ ያህል ቦታ ላይ ወፍራም ስቱኮ ወጣ። ኮፈኑ በሕይወቱ አንዴ ተመትቶ፣ ተቀጥቅጦ፣ በስቱኮ ተደልድሎ ነበር ማለት ነው። ጋሼ ስቱኮውን በጥፍራቸው እያንኳኩ ለረጅም ጊዜ ሳቁ። ፎቶ አንስቼ ለልጁ እንድልክለት አዘዙኝ። አልመለሰም።

ሥራው ከምታስቡት በላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከቅርጽ የወጣ ፋይበር ግላስ ኮፈን ላይ ልክክ ብሎ አይቀመጥም። መሀሉ ሲነካ ጫፉ ይነሳል። መላው ኮፈኑን በቴፕ ሸፍኖ፣ ብርጭቆ ወረቀቱን ሸካራውን ወደ ላይ አድርጎ በላዩ ላይ ዘርግቶ፣ ስኩፑን በዚያ ላይ ወዲያ ወዲህ ማሸት ነው። ያን ጊዜ የስኩፑ ከንፈር የኮፈኑን ጎድጓዳና ጉብታ ራሱ ይቀርጻል። አንድ ከሰዓት በሙሉ ፈጀብን። አፍና አፍንጫ ካልተሸፈነ የሚያደርሰውን አታውቁትም። የመስታወቱ ብናኝ ክንዴ ላይ አርፎ ማታውን ሳማ እንደነካው ሰው ሳክክ አደርኩ።

ከዚያ ከፍታ መለካት። ኮፈኑ ሲዘጋ ስኩፑ የአየር ማጣሪያውን እንዳይነካ፣ ማጣሪያው አናት ላይ ጭቃ የመሰለ ነገር አስቀምጦ ኮፈኑን ቀስ አድርጎ መዝጋትና ሲከፈት ምን ያህል እንደተጨፈለቀ ማየት ነው። ጋሼ ጭቃ ፍለጋ ሱቅ አልሄዱም፤ የዳቦ ሊጥ በፌስታል ጠቅልለው ከኩሽና ይዘው መጡ። ባለቤታቸው በመስኮት ሆነው «እሱን ደግሞ መልሳችሁ እንዳታመጡልኝ!» አሉ። ሊጡ አንድ ጣት ያህል ውፍረት ተርፎት ወጣ። ጥሩ ነው።

በነገራችን ላይ ጋሼ የእጅ መሣሪያ ስም በእንግሊዝኛ አያውቁም፤ ይህን ሁሉ ዓመት አሜሪካ ኖረው! ትራፓኖ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሮንዴላ፣ ዳዶ። በልጅነታቸው አስመራ ጋራዥ ደጃፍ ሲውሉ የለቀሙት ጣልያንኛ ነው። እኔም አዲስ አበባ ሰፈራችን ካለው ጋራዥ እነዚሁኑ ቃላት ስለለቀምኩ ያለ ችግር ተግባባን። ሜሪላንድ ውስጥ፣ የፎርድ መኪና ላይ፣ ሁለት አበሾች በጣልያንኛ።

አሁን ወደ ጥፋቴ።

ስኩፑ መሀል ለመሀል እንዲቀመጥ ኮፈኑ ላይ ከፊት እስከ ኋላ መሀሉን የሚያሳይ መስመር መሠመር አለበት። የሜትሩ ጫፍ ላይ ያለችው ቆርቆሮ ላልታ ስለነበር ጋሼ «ከአንድ ጀምር፣ በኋላ አንድ ቀንስ» አሉኝ። ሜትሩ በኢንች ነው። በኋላ በኩል ለካሁ፣ አንድ ቀነስኩ፣ ለሁለት ከፈልኩ፣ ምልክት አደረግሁ። በፊት በኩልም ለካሁ፣ ለሁለት ከፈልኩ፣ ምልክት አደረግሁ። አንዱን መቀነስ ረሳሁት። ሁለቱን ምልክት በክር አገናኝተን መስመሩን አሠመርን። ቀጥ ያለ፣ የሚያምር፣ የተሳሳተ መስመር።

በዚያ መስመር ላይ ቆመን አራቱን ማዕዘን በትራፓኖ በሳን። ማዕዘኑ ክብ መሆን አለበት፣ ሹል ከሆነ ላሜራው በንዝረት ከዚያ ይሰነጠቃል። በጥርሰ ደቃቅ መጋዝ ከቀዳዳ ቀዳዳ ቀደድን። ከሥር ያሉትን የኮፈኑን ማጠንከሪያዎች እንዳንነካ ቀዳዳውን ከስኩፑ አፍ አሳንሰነዋል። የተቆረጠውን ጠርዝ በሞረድ አለዘብን፣ ዝገት እንዳይገባ ወዲያው ቀለም ቀባን። ስኩፑ ሥር የተቀበሩት ስድስት ብሎኖች የሚወርዱበትንም በሳን። ሐሙስ ማታ ሁሉ ነገር ልክ ነበር። የቀረው በማጣበቂያ ማጣበቅና ብሎኑን ማሰር፤ እሱም ለእሁድ። ማጣበቂያው ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚጠነክር ነው፣ ከያዘ በኋላ ያለ ሞላ መፍጫ አይላቀቅም።

ሐሙስ ሌሊት ቤቴ ሆኜ ፎቶዎቹን አየሁ። አንዷ ከፊት ለፊት የተነሳች ናት። ሙስታንግ ፊቷ መሀል ላይ ፈረስ አለ። የስኩፑ አፍ መሀል ከፈረሱ በላይ መሆን ነበረበት። አልነበረም። ወደ ተሳፋሪው ወገን ሸሽቷል። ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ቁጥሮቹን አየኋቸው፤ የኋላው ሥር «−1» ተጽፏል፣ የፊተኛው ሥር ምንም። መስመሩ ከፊት በኩል ግማሽ ኢንች ስቷል፣ 1.3 ሴንቲሜትር ያህል።

ዓርብን ዝም ብዬ ዋልኩ። እንዴት እንደምናገር እያሰብኩ ነበር ብል ውሸት ነው፤ እንዴት ላልናገር እንደምችል ነበር የማስበው። ግማሽ ኢንችን ማን ያየዋል? ከጎን አይታይም። ጋሼ የዓይን መነጽራቸውን የሚያደርጉት ለጋዜጣ ብቻ ነው። ዕውቀቱ የእኔ ብቻ ነው፤ ዝም ካልኩ የለም። ይህን ስሜት አውቀዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ጽሑፌ ላይ የአንድ ሰው ዕድሜ አሳስቼ ወጣ። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ለአዘጋጁ አልነገርኩም። ዛሬም ድረስ እንደዚያው ተቀምጧል። ሰውየው ይይው አይይው አላውቅም። ቁጥር ማጣራት ሥራዬ ነው እያልኩ የምኖር ሰው ነኝ እንግዲህ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼ ደወሉ። ድምፃቸው ደስ ብሎታል። «ልጁ እሁድ ይመጣል፤ ሲጣበቅ አያለሁ ብሏል» አሉኝ። ያኮረፈው ልጅ። «በጣም ደስ ይላል ጋሼ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ በላይ የጨነቀኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም። ብናገር ልጃቸው ፊት ሊያፍሩ ነው፤ «አትቅደዱ ብያችሁ ነበር» የሚል ሰው ፊት። ዝም ብል ደግሞ ነገ በማጣበቂያ የማጣብቀው የራሴን ውሸት ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ደወልኩ።

ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ፦

«ስንት?»

«ግማሽ ኢንች።»

«ወደ የት?»

«ወደ ተሳፋሪው።»

እንደገና ዝም። «ዕድሜ ልኬን ተሳፋሪ ሲጎትተኝ ኖሬ፣ አሁን ደግሞ መኪናዬ ወደ ተሳፋሪ ታዘንብል?» አሉ። የቀለዱ መስሎኝ ልስቅ ስል ስልኩ ተዘጋ። አልቀለዱም። ከሩብ ሰዓት በኋላ አጭር መልእክት ገባ፦ «ጠዋት 12 ሰዓት። ልጁ ሳይነሳ።»

ደረስኩ። ሰላምታቸው ቀዝቃዛ ነበር፤ ቡና አልቀረበልኝም። አበሻ ቤት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። አዲስ ክር ይዘው ራሳቸው ለኩ፤ እኔ የሜትሩን ጫፍ ብቻ ያዝኩ። ቀዳዳው ከስኩፑ አፍ ያነሰ መሆኑ አዳነን፣ ስኩፑ ቢሽከረከርም አይገለጥም። ማድረግ የነበረብን የፊተኞቹን የብሎን ቀዳዳዎች ወደ ሾፌሩ በኩል በሞረድ አስፍቶ፣ ከሥር ትልልቅ ሮንዴላ ማስገባት ነው። ላሜራ በእጅ ሞረድ መሞረድ ቀርፋፋ ሥራ ነው። ጋሼ ትከሻቸው እያመማቸው አንዱን ቀዳዳ አልሰጥህም ብለው ራሳቸው ያዙት።

ልጁ ቀድሞ መጣ። ኮፈኑንም፣ አባቱንም፣ እኔንም አየ። «ምን ሆነ?» አለ። ጋሼ ከእኔ ፈጥነው «ለካን፣ ሳትን፣ እያስተካከልን ነው» አሉት። «ሳትን» ነው ያሉት። ልጁ ሌላ አልጠየቀም፤ ሞረዱን ከአባቱ እጅ ወሰደና ጎንበስ አለ።

በአሥር ሰዓት ተጣብቆ አለቀ። ብሎኖቹን በጣም አላጠበቅናቸውም፤ ፋይበር ግላስ ሲጨነቅ ላዩ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጠቃል። መጋጠሚያውንም በስቱኮ አልደፈንነውም። በፀሐይ ፋይበሩና ብረቱ እኩል ስለማይለጠጡ ስቱኮው ውሎ አድሮ መሰንጠቁ አይቀርም፤ መስመሩ እንዳለ ይታይ አልን። ቡናው ከዚያ በኋላ መጣ፣ ሦስቱም።

ባለፈው ሳምንት ደውዬ ስለ መኪናዋ ጠየቅኋቸው። እዚህ ሰሞኑን ዝናብ አለ። ለካ የተከፈተ አፍ ዝናብም ያስገባል፣ ውኃው ማጣሪያው ላይ ይንጠባጠባል። ጋሼ ስፖንጅ በልኩ ቆርጠው ጎስጉሰውበታል። «ፀሐይ ሲወጣ አወልቀዋለሁ» አሉኝ። እስካሁን አላወለቁትም።