የቤዝ ነገር

ሙዚቃ ቤት ውስጥ ምን ያህል ይጩህ የሚለው ጭቅጭቅ የተወለደው ድምፅ ከተጫዋቹ ሲነጠል ነው። ድሮ ልኩን የሚወስኑት መሣሪያው፣ የደርዳሪው ጣትና አድማጩ የተቀመጠበት ርቀት ነበሩ፤ አዝማሪን «ቀንስ» የሚል ሰው በግጥም ሊመለስለት እንደሚችል ያውቅ ነበር። በ1906 (እ.ኤ.አ.) ለአሜሪካ ገበያ የቀረበው ቪክትሮላ የሸክላ ማጫወቻም ቢሆን የድምፅ ቁልፍ አልነበረውም። ቀንዱ ሣጥኑ ውስጥ ስለተደበቀ፣ ድምፅ የሚቀንስ ሰው የሣጥኑን በር ገርበብ ያደርጋል፤ ለስላሳ ድምፅ የሚሻም ቀጭን መርፌ ይመርጣል። በኋላ የኤሌክትሪክ ማጉያ መጣና ድካሙ ቀረ፤ ልኩም አብሮት ጠፋ።

በእኔ ግምት ትክክለኛው ልክ ቤዙ ሳይጠፋ መድረስ የሚቻልበት ዝቅተኛው ድምፅ ነው። በ1933 (እ.ኤ.አ.) የቤል ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና መንሰን እንዳሳዩት፣ ድምፅ ሲቀንስ ጆሯችን ሁሉንም እኩል አይቀንስም፤ ወፍራሙን አስቀድሞ ይጥላል። ዘፈኑ ይከሳል፤ ሰውዬው ቁልፉን ያዞራል። ስለዚህ የሚያስጮህ ሁሉ ጥጋበኛ አይደለም፣ አንዳንዱ የጠፋበትን ቤዝ ፈላጊ ነው። የማጉያ አምራቾች «ላውድነስ» የሚል ቁልፍ የጨመሩትም ለዚሁ ነው። በገና ግን (ሙዚቃ መባሉ የሚያስቆጣው አንባቢ ይታገሠኝ) ችግሩን ያለ ኤሌክትሪክ ፈትቶታል፤ በአውታሩ ሥር የምትገባው ትንሽ ቆዳ ወፍራሙን ድምፅ ስታነዝረው ከፍ ያሉ ድምፆች ይወጣሉ፣ ጆሮም በእነሱ ተመርቶ ወፍራሙን በለሆሳስም ያገኘዋል።

«ካልጮኸ አይጥምም» የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ አንዱን ዘፈን በሁለት መጠን ብናሰማ ትንሽ ከፍ ያለው የተሻለ ይመስላል። ግን ይህ ምስክርነት ማቆሚያ የለውም፤ ነገም ከዛሬው ከፍ ያለው ይጣፍጣል። «በገዛ ቤቴ» የሚለው ሙግት ደግሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አይጸናም። ግድግዳ ቀጭኑን ድምፅ ሲያስቀር ወፍራሙን ያሳልፋልና፣ ባለቤቱ አነሰኝ ብሎ የጨመረው ቤዝ ዘፈኑን ላልመረጠው ጎረቤት ይደርሳል፤ ግጥሙ እንኳ ሳይሰማ፣ ድም ድሙ ብቻ።

ይልቅ ከዝቅታ ተነስቶ ቀስ እያሉ መጨመር፣ ቤዙ ብቅ ሲል ማቆም ይሻላል። አሁንም ካነሰ ወንበሩን ወደ ስፒከሩ መሳብ ነው። ስፒከሩን ከብፌው አናት ለጌጥ የሰቀለ ቤት ግን ይህን ምክር በደስታ የሚቀበል አይመስለኝም።