የሜቶዲስቶቹ ሰመር እና የእኛ ተራ

ክረምት የሚለው ቃል እዚህ አገር ያስቸግረናል። ባደግንበት ሰፈር ሐምሌና ነሐሴ ማለት ዝናብ፣ ጭቃ፣ የተጠበሰ በቆሎ እና የተዘጋ ትምህርት ቤት ነው። እዚህ ሜሪላንድ ግን በሐምሌ ወበቁ ሰው ያፍናል። ‹‹በጋ›› እንዳንለው ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤ ‹‹ክረምት›› እንዳንለው ላብ በላብ ነን። ስለዚህ ሐበሻው ሁሉ ‹‹ሰመር›› ብሎት አረፈ። (ሐበሻ ስብሰባ ሳይጠራ የተስማማበት ብቸኛ ጉዳይ ሳይሆን አይቀርም!)

እናላችሁ፣ የዛሬው ወሬያችን ስለ ሜቶዲስቶች ሰመር ነው። ‹‹ደግሞ መቼ ሜቶዲስት ሆናችሁ?›› የሚለን አይጠፋም። አልሆንም። ተከራይ ነን። እንደ ብዙዎቹ የአሜሪካ የሐበሻ ወንጌላውያን ኅብረቶች የራሳችን ሕንፃ የለንም። ጠዋት ሜቶዲስቶቹ አምልከው ሲወጡ፣ ከሰዓት በኋላ እኛ እንገባለን። (‹‹እኛ›› ስንል ይህችን አምደኛና ከኋላ ወንበር ተጠጋግተው የሚቀመጡ ጓደኞቿን ነው። ጋዜጠኝነት ስንማር ‹‹እኔ፣ እኔ›› አትበሉ ተብለናል። ዓመተ ምሕረቶቹም ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መቼም አከራይና ተከራይ እንዴት እንደሚተያይ ታውቃላችሁ። ለዓመታት የምንተዋወቀው ማቀዝቀዣው ላይ በሚለጠፍ ወረቀት ነበር። ‹‹እባካችሁ ወንበሮቹን ወደ ቦታቸው መልሱ።›› ‹‹እባካችሁ ቡና ስትቆሉ መስኮት ክፈቱ፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል።›› በእኛ በኩልም ‹‹ማቀዝቀዣ አየሩን አጥፍተውብን ይሄዳሉ›› እያልን እናጉረመርም ነበር። እነሱ ወደ አርባ የሚሆኑ፣ አብዛኞቹ ፀጉራቸው የነጣ ሰዎች ናቸው። እኛ ደግሞ ልጆቻችን በኮሪደሩ ሲሮጡ መሬቱ የሚንቀጠቀጥ ሕዝብ ነን። በአንድ በር እንገባለን፤ ግን በሰላምታ ብቻ እንተላለፋለን።

ይህን የቀየረው ሰመር ነው።

ሜቶዲስቶች ዘንድ ሰመር ሲገባ የእሁዱ ወንበር ይሳሳል። ግማሹ ልጆቹን ሊጠይቅ ይሄዳል፤ መዘምራኑም ያርፋሉ። ያን ጊዜ ሕይወቱ ወደ ምድር ቤቱ፣ ወደ ግቢውና ወደ ሰኞ ማክሰኞ ይወርዳል። ከሁሉ በፊት የሚመጣው የልጆች የእረፍት ጊዜ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት፣ መዝሙር፣ ታሪክ፣ ጨዋታ፣ ሙጫና ባለቀለም ወረቀት፣ መጨረሻ ላይ ብስኩትና ጁስ። እኛ አገር ልጅ በክረምት ቄስ ትምህርት ቤት ይሰደድ እንደነበረው ማለት ነው፤ አለንጋው ሲቀር።

የዚህ ነገር አጀማመር ያስቃል። በ1898 ኒውዮርክ ውስጥ ኤላይዛ ሆውስ የምትባል የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ፣ በድሃ ሰፈር በየመንገዱ የሚውሉትን ልጆች በሰመር ልታስተምር ፈለገች። ያገኘችው ቦታ ቢራ ቤት ብቻ ነበር። ተከራየችው! ዛሬ ሜቶዲስቱም ሌላውም በየዓመቱ የሚያደርገው ነገር በኪራይ ቤት ነው የጀመረው። ይህንን ካነበብን በኋላ ስለ ተከራይነታችን ማፈር ትተናል።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሜቶዲስቶቹ የልጆች መመዝገቢያ ወረቀት በሩ አጠገብ ተሰቅሎ አየነው። አራት ልጆች ተጽፈውበታል። አስተማሪ ለመሆን የተመዘገቡት ግን አሥራ አንድ ነበሩ፤ አብዛኞቹ አያቶች። በእኛ በኩል ከሠላሳ የሚበልጡ ልጆች አሉ፤ በሳምንቱ ቀን የሚይዛቸው ሰው ግን የለም። አባት ታክሲ ላይ፣ እናት ሆስፒታል ተረኛ፣ ልጅ ቤት ውስጥ ከታብሌት ጋር። ልጅ ያጡ አስተማሪዎችና አስተማሪ ያጡ ልጆች በአንድ ጣሪያ ሥር!

ጥያቄውን ያነሱት እኛ በጓዳ ‹‹እማማ ኩሽና›› የምንላቸው የሰማንያ ዓመት ሴት ናቸው። የኩሽናውን ቁልፍ በአንገታቸው የሚያንጠለጥሉ፣ እነዚያን ወረቀቶችም የሚጽፉት እሳቸው። ኮሪደር ላይ አስቆሙንና ‹‹ልጆቻችሁን ለምን አታመጡልንም?›› አሉን። የእኛ ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ተሰበሰቡ። ‹‹ትምህርታቸው ከእኛ ይገጥማል ወይ?›› ‹‹ልጆቻችን አማርኛውን ይበልጥ አይረሱም ወይ?›› ተባለ። ጥያቄዎቹ የዋዛ አልነበሩም። በመጨረሻ ‹‹ወጣቶቹ አብረው ከገቡ ይሁን›› ተብሎ ተፈቀደ። ወጣቶቹ እኛ ነን።

ያ ሳምንት ስንት ነገር አስተማረን! አያቶቹ የልጆቹን ስም እስኪይዙ ምላሳቸው ታሰረ፤ በሦስተኛው ቀን ግን ‹‹ጸ››ን ሳይቀር ለመጥራት ይታገሉ ነበር። ልጆቹ ደግሞ አያቶቻቸው አገር ቤት ናቸውና አያት ማለት በስልክ ስክሪን ላይ ያለ ሰው ነበር የሚመስላቸው። እዚህ ግን ሙጫ የሚቀባላቸው፣ ጫማቸውን የሚያስርላቸው፣ ሲወድቁ የሚያነሳቸው አያት አገኙ። ዓርብ ዕለት መዝጊያው ላይ አንዲት የእኛ ልጅ ከእማማ ኩሽና ጭን አልወርድም ብላ አስቸገረች። እናቷ ከሥራ በዩኒፎርሟ እንደመጣች በሩ ላይ ቆማ እያየች አለቀሰች። ለምን እንዳለቀሰች ማናችንም አልጠየቅናትም።

ሜቶዲስትና ሰመር ለምን እንዲህ እንደተዋደዱ ለማወቅ ትንሽ አነበብን። (ዲግሪያችን ከንቱ እንዳይቀር ብለን።) ነገሩ ከሥሩ ከቤት ውጭ የተጀመረ ነው። ጆን ዌስሊ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ መስበክ ነውር ይመስለው ነበር። በ1739 ግን ብሪስቶል ላይ ሜዳ ወጥቶ ለተራው ሕዝብ ሰበከ። ‹‹ሜቶዲስት›› የሚለው ስምም በኦክስፎርድ ሳሉ የወጣላቸው የሽሙጥ ስም ነው፤ ሁሉን ነገር በዘዴና በሰዓት ስለሚያደርጉ። ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት የሚለጥፈው ማን እንደሆነ አሁን ገባችሁ?

አሜሪካ ሲደርሱ ደግሞ ሜዳው ወደ ድንኳን ጉባኤ ተለወጠ። ገበሬው ቤተሰቡን በጋሪ ጭኖ ጫካ ውስጥ ድንኳን ተክሎ ቀናትን በስብከትና በመዝሙር ያሳልፍ ነበር። በ1835 ማርታስ ቪንያርድ ደሴት ላይ የተጀመረው ጉባኤ ቀስ በቀስ ድንኳኑን በትንንሽ ባለጌጥ የእንጨት ቤቶች ተካ፤ ዛሬም በነሐሴ አንድ ምሽት የወረቀት ፋኖሶች በየበረንዳው ይበራሉ። በ1869 በተመሠረተው በኒውጀርሲው ኦሽን ግሮቭ ደግሞ አሁንም ሰመር በመጣ ቁጥር ከመቶ የሚበልጡ ድንኳኖች ይተከላሉ። ይህ ሁሉ ለሐበሻ እንግዳ አይደለም። ቁልቢ ገብርኤል የሄደ፣ ጥምቀትን ጃንሜዳ ያደረ ሰው፣ እምነት ድንኳን ሲወድ ምን እንደሚመስል ያውቃል።

ከልጆቹ ሳምንት በኋላ ሌላው ነገር እየተከተለ መጣ። መጀመሪያ ምግቡ። በምድር ቤቱ ሁሉም ከቤቱ አንድ አንድ ምግብ ይዞ የሚመጣበት ማዕድ አላቸው፤ እኛንም ጠሩን። እነሱ የድንች ሰላጣና በምድጃ የተጋገረ ማካሮኒ ይዘው መጡ። እኛ ዶሮ ወጥና አልጫ። ነሐሴ ስለነበር አንዳንዶቹ ኦርቶዶክስ እናቶቻችን ፍልሰታን እየጾሙ ነበር፤ ሽሯቸውንና ጎመናቸውን ለብቻ አስቀመጡ። እማማ ኩሽና ጎመኑን ሦስት ጊዜ ጨምረው ‹‹ጾም ይህ ከሆነ እኔም ልጹም›› አሉ!

በቁርባናቸው ላይ ወይን ጠጅ እንደማይጠቀሙም ያን ሰመር አወቅን። የወይን ጭማቂ ነው። ቶማስ ዌልች የሚባል ሜቶዲስት የጥርስ ሐኪም በ1869 ኒውጀርሲ ውስጥ ጭማቂው እንዳይፈላ በሙቀት አክሞ ለቁርባን አዘጋጀው፤ ሱቅ ውስጥ የምናየው የዌልች ጁስ ከዚያ የመጣ ነው። ከእናቶቻችን አንዷ ይህን ሲሰሙ ‹‹እኛስ በዘቢብ አይደል የምንቆርበው?›› ብለው ነገሩን አቀለሉት።

ቀጥሎ የጣሪያው ነገር መጣ። ሜቶዲስቶች ወጣቶቻቸውን በሰመር የድሃ ቤት ሊጠግኑ ይልካሉ። ከነዚህ ማኅበራት አንዱ፣ የአፓላቺያ ሰርቪስ ፕሮጀክት፣ ግሌን ኤቫንስ በሚባል ሜቶዲስት አገልጋይ በ1969 የተመሠረተ ነው። እኛም አብረን ወደ ተራራማው አገር ልንሄድ ተመዘገብን። የአንዷ ጓደኛችን አባት ‹‹ልጄን አሜሪካ ያመጣሁት የሰው ጣሪያ ላይ እንድትወጣ ነው?›› ብለው ተቆጡ። ሄድን። በዚህች ሀብታም አገር ወለሉ በስብሶ እግር የሚያሰምጥ ቤት አየን። የቤቱ ባለቤት፣ የከሰል ማዕድን ጡረተኛ፣ ቀዝቃዛ ውሃ እያቀረቡልን ‹‹ከየት ናችሁ?›› አሉን። ‹‹ከኢትዮጵያ›› ስንላቸው ‹‹ያን ሁሉ መንገድ ለእኔ ጣሪያ!›› አሉና ሳቁ። አባትየው ፎቶውን ሲያዩ ዝም አሉ። በሚቀጥለው ዓመት መዶሻ ገዝተው የሰጧት እሳቸው ናቸው።

ነገር ግን ሰመር የስንብትም ወቅት ነው። ሜቶዲስት ዘንድ ምእመን መጋቢውን አይቀጥርም። የሚመድበው ጳጳሱ ነው፤ ምደባውም በየዓመቱ ይታደሳል። ሲቀየር ብዙ ጊዜ ሐምሌ መግቢያ ላይ ነው። ስለዚህ በሰኔ መጨረሻ በየቦታው የመጋቢ ቤተሰብ ዕቃ ሲጭን ታያላችሁ። የእኛ አከራዮችም መጋቢ እንዲሁ ሄዱ። ሲሰናበቱ ‹‹ይህ መድረክ የእኔ ሆኖ አያውቅም›› አሉን። ገረመን፤ የምንከራየው ከእሳቸው ይመስለን ነበራ!

ሕንፃውስ? እሱም የምእመናኑ ብቻ አይደለም። ከዌስሊ ዘመን ጀምሮ በመጣ ደንብ፣ ንብረቱን የሚይዙት ለመላው ቤተ ክርስቲያን በአደራ ነው። ከ2019 እስከ 2023 የአሜሪካው የተባበሩት ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሲከፈል ይህ አደራ የሚለው ቃል በየፍርድ ቤቱ ሳይቀር አከራክሯል። የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻና የአገልጋዮች ሹመት ዋናው የክርክሩ ምክንያት ነበር፤ ከ7,600 በላይ ጉባኤዎች፣ ከአሜሪካዎቹ ሩብ ያህሉ፣ ከፍለውና ተፈራርመው ወጡ። የቀሩት ደግሞ በ2024 ጠቅላላ ጉባኤያቸው የቆየውን ክልከላ አነሱ። የእኛ አከራዮች ቀሩ። ግን አርባ ዓመት ጎን ለጎን የዘመሩ ሰዎች ተለያዩ። በእኛም ዘንድ ‹‹ከእንግዲህ እዚያ ቤት አንገባም›› ብለው የሄዱ ቤተሰቦች አሉ፤ እናከብራቸዋለን፣ ልጆቻቸውም ይናፍቁናል። ክርክሩን በአንድ አምድ አንፈታውም።

አሁን ጠዋት የሚመጡት ወደ ሃያ አምስት ወርደዋል። የቦይለሩ ጥገና ዋጋ ሲነገር ሁሉም ዝም ይላል። ‹‹ልንዘጋ ይሆናል›› የሚለው ወሬ በእነሱም በእኛም በኩል ይናፈሳል። ከእኛ ወገን ‹‹እንግዛው!›› የሚል አለ፤ ‹‹በምን ገንዘብ?›› የሚል ደግሞ ይበዛል።

እኛ ግን አንድ ነገር ገብቶናል። እዚያ ቤት ውስጥ ባለቤት የለም። መጋቢው በምደባ፣ ሕንፃው በአደራ፣ አያቶቹ በዕድሜ፣ እኛ በኪራይ። ሁላችንም ተከራይ ነን። ባለቤት በሌለበት ቤት ሰውን የቤት ሰው የሚያደርገው ውል አይደለም፤ ወንበር የሚመልስ፣ ልጅ የሚይዝ፣ ማዕዱ ሲያልቅ እጅጌውን የሚሰበስብ መሆኑ ነው። አገር ቤት ዕድርም ከዚህ ውጭ ምን ነበር? ድንኳኑ የማንም አልነበረም፤ ሐዘን ሲመጣ ግን ካስማውን የሚይዝ አይጠፋም ነበር።

ባለፈው ሰመር ማቀዝቀዣው ላይ አዲስ ወረቀት ተለጠፈ። እንደ ልማዳችን ‹‹ደግሞ ምን አጠፋን?›› እያልን ተጠጋን። ‹‹እባካችሁ›› አይልም። የሳህን አጠባ ተራ ዝርዝር ነው፤ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ። የእነሱና የእኛ ስም ተቀላቅሎ፣ ፊደሉ ቢሳሳትም፣ በእማማ ኩሽና እጅ ተጽፏል። ሐምሌ ሁለተኛው እሁድ የእኛ ነው።

ቤቱ እስከመቼ እንደሚቆይ የሚያውቅ የለም። ሳህኑ ግን ይታጠባል። ቸር እንሰንብት!