ከጋይራንገር ተራራ እስከ ቆሼ ክምር

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ አበው። ጅቡ ሳይመጣ የጮኸውስ ምን ይባላል? እ.ኤ.አ. በ2015 በኖርዌይ ሲኒማ ቤቶች የታየው «ቦልገን»፣ በአማርኛ «ማዕበሉ»፣ ያነሣብን ጥያቄ ይኸው ነው።

በሩዋር ኡትሃውግ የተዘጋጀው ይህ ፊልም ስለ ትንሿ ጋይራንገር ይተርካል። በፊዮርዱ ዳር ያለው የኦክኔስ ተራራ ሊናድ መሆኑን አንድ የሥነ ምድር ባለሙያ ያስጠነቅቃል፤ አለቃው ግን የቱሪስት ወቅት ነውና ያመነታል። ተራራው ሲናድ ለነዋሪው የቀረው 10 ደቂቃ ብቻ ነው። ታሪኩ ልብ ወለድ ቢሆንም ከእውነት የራቀ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1934 በታፍዮርድ አለት ተንዶ ያስነሣው ማዕበል 40 ሰዎችን ፈጅቷል። የኦክኔስ ተራራም ዛሬ ቀንና ሌሊት በመሣሪያ ይጠበቃል።

ሐያስያን ፊልሙን በአብዛኛው አወደሱት። የመጀመሪያውን ክፍል ውጥረትና የማዕበሉን ምስል አደነቁ። የነቀፉት ደግሞ «ሰሚ ያጣ ባለሙያ፣ የሚያመነታ አለቃ፣ የሚለያይና የሚገናኝ ቤተሰብ፤ ይህ ሁሉ ከሆሊውድ የተቀዳ፣ የተሰለቸ ቀመር ነው» የሚል መንፈስ ያለው ትችት ሰነዘሩ።

ስለ ቤተሰቡ እንስማማለን። ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ፊልሙ ከተማይቱን ረስቶ አንድ ቤተሰብ ብቻ ይከተላል። የሚያመነታው አለቃ ግን ለእኛ ቀመር አይደለም። በጋዜጠኝነት ዘመናችን፣ በአደገኛ ስፍራ የሚኖሩ ሰዎችን አቤቱታ ይዘን ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ብንሄድ «ሕዝብ አታሸብሩ» ተብለን ተመልሰናል። ኦስሎ ላይ የተሰለቸው ገጸ ባሕርይ እኛ ዘንድ ወንበር ነበረው።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀበረ። ያ ክምር በአንድ ሌሊት የበቀለ አልነበረም፤ ከ50 ዓመት በላይ በከተማው ፊት የተቆለለ ነው። ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ ቢዛወርም የአካባቢው ገበሬዎች ስለተቃወሙ በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ግድም ወደ ቆሼ ተመልሶ ነበር። ሥሩ ጎጆ የቀለሱት ድሆች መኖራቸውን ያልሰማ ማን ነበር?

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ በጎፋ መሬቱ ተንሸራተተ። ጎረቤቶች የተቀበሩትን ለማውጣት ሲረባረቡ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው ወረደ፤ ከ200 በላይ ሰዎችም አለቁ። የጋይራንገሩ አባት የገዛ ቤተሰቡን ፍለጋ ወረደ፤ የጎፋ ሰዎች ግን የጎረቤትን ልጅ ፍለጋ በእጃቸው ሲቆፍሩ ሞቱ። ፊልሙ የጎደለውም ሐያስያኑ የቤተሰቡን ታሪክ ሲመዝኑ ያልጠየቁትም ይህንኑ ነው።

አለት ሹም አይፈራም፤ በሥሩ የሚኖረውን ድሃም አይምርም። ኖርዌይ ያልወረደ ናዳዋን አስቀድማ በፊልም ተጨነቀችበት፤ እኛ የወረደብንን እንኳ ከሦስት ቀን ሐዘን በላይ አልተነጋገርንበትም። አስቀድሞ የሚጮኸውን አሸባሪ የምንልበት ዘመን እስከ መቼ ይዘልቃል?

ቸር ወሬ ያሰማን።