ፕሮቶኑ ይለፍ፣ ሜታኖሉ ይቅር

የማስተርስ ጥናቴን ስጀምር ጥያቄዬ ቀላል ይመስለኝ ነበር፤ በሜታኖል ነዳጅ ሴል ውስጥ ናፊዮንን የሚተካ ርካሽ ሜምብሬን መሥራት።

በዚህ ሴል አንድ የሜታኖል ሞለኪውል ከአንድ የውሃ ሞለኪውል ጋር ተዋህዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ 6 ፕሮቶኖችና 6 ኤሌክትሮኖች ይሰጣል። ኤሌክትሮኖቹ በውጭ ሽቦ ሲዞሩ፣ ፕሮቶኖቹ በሜምብሬኑ ያልፋሉ። ሜታኖሉ ግን መቅረት አለበት፤ ካለፈ ነዳጁ ይባክናል፣ ቮልቴጁም ይወርዳል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ መገባደጃ በዱፖንት ኩባንያ የተሠራው ናፊዮን ፕሮቶንን በሚገባ ያሻግራል፤ ነገር ግን ዋጋው የሚቀመስ አይደለም፣ ሜታኖልንም አጥብቆ አያግድም።

እኔ የመረጥኩት ፖሊቪናይል አልኮልን ነው። ርካሽ ነው፣ በሙቅ ውሃ ይሟሟል፣ አልኮልንና ውሃን በመለየት ሥራም ይታወቃል። ከሰልፎሰክሲኒክ አሲድ ጋር ቀላቅዬ በመስታወት ላይ አፈስሰዋለሁ። ከደረቀ በኋላ በኦቨን ሲሞቅ አሲዱ የፖሊመሩን ሰንሰለቶች እርስ በርስ ያስተሳስራል፤ ፕሮቶን የሚያሻግሩትን የሰልፎኒክ ቡድኖችም ያስገኛል።

አንድ ቀን ናሙናው በመሞቅ ላይ ሳለ መብራት ጠፋ። ናሙናውን ግን አልጣልኩትም። በማግሥቱ ስለካው ፕሮቶን በማስተላለፍ ከሌሎቹ ሁሉ በለጠ። የመመረቂያ ጽሑፌ ማስረከቢያ ቀን ቀርቦ ስለነበር ደስታዬ ልክ አልነበረውም። በሳምንቱ ግን በአንድ ወገን የሜታኖል ውህድ፣ በሌላው ንጹሕ ውሃ ባለበት ዕቃ መካከል ሳስረው፣ ሜታኖሉ ከሁሉም ፈጥኖ ተሻገረ። ሜምብሬኑም አብጦ እንደ ራሰ ወረቀት ተቀደደ። ትስስሩ ስላልተሟላ ብዙ ውሃ ይዞ ነበር፤ ፕሮቶኑን ያሳለፈው ውሃ ሜታኖሉንም አሳለፈው።

የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ብጽፍ ሐሰት አይባልብኝም ነበር። ሆኖም ያንን ቁጥር አምኖ ሥራውን የሚቀጥል ተማሪ ወራቱን በከንቱ ያሳልፋል። ስለዚህ የሁሉንም ናሙናዎች የፕሮቶን አስተላላፊነት ለሜታኖል አሳላፊነታቸው አካፍዬ፣ ሠንጠረዡን በዚሁ ውጤት ደረደርኩት። አንደኛ የነበረው ናሙና የመጨረሻው ሆነ፤ ማሞቂያው መቋረጡንም ከሥሩ ጻፍኩ።

ናፊዮንን የሚተካው ሜምብሬን ገና በእጄ የለም። ነገር ግን በአንድ ሳምንት የሚቀደድ ነገር፣ የቱንም ያህል በትንሽ ገንዘብ ቢሠራ፣ ርካሽ እንደማይባል ተረድቻለሁ። ቀጣዩ ሥራዬም የማሞቂያውን ሰዓት በመለዋወጥ ትስስሩ የሚበቃበትን ልክ ማግኘት ነው።