አቧራው የሚያውቀው

አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በር ላይ ወንድሜን ስጠብቅ ቆይቼ መኪናው ውስጥ ስገባ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታ ነው፤ የተቃጠለ ዘይት ሽታ። ከኮፈኑ ጠርዝ ቀጭን ጭስ ይወጣል። እሱ ከቁም ነገር አልቆጠረውም። «ማኒፎልዱ ነው፣ ዘይት ያፈሳል» አለኝ፣ ቤተሰብ ውስጥ እንደቆየ ሕመም። መኪናዋ ዲኤክስ ናት፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አታንስም።

ማኒፎልድ ሲል ጆሮዬ ቆመ። ከቨርጂኒያ ከመነሳቴ በፊት ሁለት ቅዳሜና እሁድ የፈጀሁት በዚሁ ጉዳይ ነበርና።

እዚያ የምነዳው አሮጌ የሼቭሮሌት ፒክአፕ ነው፤ 5.7 ሊትር፣ በቪ ቅርጽ የተደረደሩ ስምንት ሲሊንደሮች። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ ማኒፎልዱ አየር ከማስገባት ሌላ ሥራም አለው፦ በሁለቱ ረድፎች መካከል ያለውን ሸለቆ ይከድናል። ሸለቆው ውስጥ ደግሞ ዘይት ይረጫል። በግራና በቀኝ ጓርኒሲዮን አለው፤ ከፊትና ከኋላ ግን ዘይቱን የሚያግደው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የሲሊከን መስመር ብቻ ነው። የኋላው ሲለቅ ዘይቱ በሞተሩ ጀርባ ወርዶ ካምቢዮው ላይ ይንጠባጠባል። ከሥር ተንጋልሎ የሚያይ ሰው «የክራንኩ የኋላ ዘይት ጎማ ነው» ቢል አይፈረድበትም።

አንድ ጋራዥም ያለኝ ይህንኑ ነው። ካምቢዮው መውረድ ሊኖርበት ነው፤ የሥራው ሰዓት ከመጽሐፍ ተነበበልኝ፣ ሰዓቱ በዋጋ ተባዛ፣ ድምሩ ለፒክአፑ ከሚሰጡኝ ገንዘብ ብዙም አይርቅም። መፈለጉም ራሱ የሚያስከፍል ሥራ ስለሆነ ማንም ሊፈልግ አልቸኮለም። ዘይቱ ውስጥ የሚያበራ ቀለም ጨምሬ፣ ማታ በሐምራዊ መብራት አየሁት። ከላይ፣ ከማኒፎልዱ የኋላ ጫፍ፣ አረንጓዴ መስመር ተሰምሮ ወርዷል። ዲስትሪቢውተሩን ቦታውን ምልክት አድርጌ ነቀልኩ፣ ማኒፎልዱን አነሳሁ፣ አሮጌውን ሲሊከን ፋቅሁ። ስምንቱን ቡሎኖች በሦስት ዙር፣ መጨረሻ እስከ 15 ኒውተን ሜትር ብቻ አጠበቅሁ። 15 ለጡንቻ ምንም ማለት አይደለም፤ እጄ እንዳይጨምር በልኬት ኪያቤ ነበር የያዝኩት።

እንግዲህ ይህን እውቀት ተሸክሜ አዳማ ላይ ወንድሜን ላስተምረው ተነሳሁ። የዲኤክሷ ሲሊንደሮች በአንድ መስመር የቆሙ ናቸው። ማኒፎልዱ ከቴስታታው ጎን ተለጥፎ አየርና ቤንዚን ነው የሚያሳልፈው፤ ዘይት በላዩ ከታየ ከሌላ ቦታ መጥቶበታል። ወንድሜ እስክጨርስ ጠበቀና «በል፣ ይህንን ለጋሼ ንገራቸው» አለኝ።

ጋሼ ጣራው ቆርቆሮ፣ ጎኑ ክፍት የሆነ ጋራዥ አላቸው። ረዳታቸው ኮፈኑን ከፍቶ ቤንዚን የነከረ ብሩሽ ሲያነሳ እጁን ያዙት። «አታጥበው! መንገዱን ታጠፋብኛለህ።»

መንገዱ አቧራው ነበር። አዳማን የሚያውቅ ነፋሷን ያውቃል፤ 153 ሜጋ ዋት አቅም ያለው የአዳማ 2 የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው በዚህ ነፋስ ተማምኖ ነው። ይኸው ነፋስ አቧራውን በየሞተሩ ላይ ይበትናል። ደረቅ ብረት ላይ ያረፈው ይራገፋል፣ ዘይት ላይ ያረፈው ይጋገራል። ጋሼ ጭቃውን በጣታቸው ከታች ወደ ላይ ተከተሉት። ማኒፎልዱ ላይ ወፍራም ነው፤ ከዚያ በላይ እየቀጠነ፣ እየረጠበ፣ የላይኛው የሞተር ክዳን ጓርኒሲዮን ጥግ ላይ አዲስ ዘይት ሆነ። ቀለም የለ፣ ሐምራዊ መብራት የለ። እኔ ቨርጂኒያ ገዝቼ ያመጣሁትን ምስክር እዚህ ነፋሱ በነፃ ያቀርባል።

ማኒፎልዱ ዙሪያ ሌላ ሰው ሁለት ጊዜ የለጠፈው ሲሊከን ነበር። ጋሼ በጥፍራቸው ልጠው ጣሉት። አገር ቤት የማልወደው ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ሲሊከን እንደ ቅቤ ይቀባል። ወደ ውስጥ የተረፈው ተገንጥሎ ከዘይቱ ጋር ይዞርና የፓምፑን ወንፊት ይደፍናል፤ ያኔ ጠብታ ሊያቆም የተቀባው ሲሊከን ሞተሩን ዘይት አስጠምቶ ሊገድል ይችላል። የልኬት ኪያቤም በብዙ ጋራዥ አላየሁም። «እስኪበቃው» ነው መለኪያው። የሞተር ክዳን ደግሞ ሲበዛበት ይጎብጣል፤ የእኛዋም ክዳን ትንሽ ጎብጦ ነበር፣ ጋሼ በእንጨት ላይ አስደግፈው በመዶሻ አቀኑት።

ከዚያ እኔ ያላሰብኩትን አደረጉ። ከክዳኑ የሚወጣውን የትንፋሽ ቱቦ ነቅለው አፋቸው ላይ ደገኑና ነፉ። አልሄደም። ውስጡ በጠቆረ ዝቃጭ ተደፍኗል። ሞተር መተንፈሻ ሲያጣ ግፊቱ ዘይቱን ባገኘው ስንጥቅ ያስወጣዋል፤ ጓርኒሲዮኑን ብቻ ብንቀይር ኖሮ በሌላ በኩል ይመለስብን ነበር። ፒክአፔ ላይ ይህን አልፈተሽኩም። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

የሁለቱ አገር ሰው በትዕግሥት የሚለያይ አይመስለኝም። እዚያ ዕቃው ርካሽ ነው፣ ሰዓቱ ውድ፤ ስለዚህ ገምቶ መቀየር ያዋጣል። እዚህ ሰዓቱ ርካሽ ነው፣ ዕቃው ውድ፤ ስለዚህ ፈልጎ ማግኘት ያዋጣል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጫነ፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ ዲኤክሷን ሸጦ የተሻለች የቤንዚን መኪና መግዛት ለወንድሜ ቀላል አይደለም። ማታ ማታ ከፓርኩ የሚመልሰው ይህችው ሞተር ናት።

የዚያን ቀን ጋሼ ከቡሽ ወረቀት ጓርኒሲዮን ቆርጠው ገጠሙላት። በሚቀጥለው ጊዜ ስመጣ ሙሉውን የጓርኒሲዮን ስብስብ በሻንጣዬ ይዤላቸው ሄድኩ። ተቀበሉኝ፣ መረቁኝ፣ የክዳኑን ጓርኒሲዮን አውጥተው በብርሃን አዩት። ከዚያ መኪናዋን ትተው ቡሽ ወረቀታቸውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉ፣ አዲሱን በላዩ አስተኙና በእርሳስ ዙሪያውን ይነድፉ ጀመር።

«ጋሼ፣ መጥቶልናል እኮ፤ ለምን ይቆርጣሉ?»

«ለሌሎቹ ዲኤክሶች» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።