ከልደታ እስከ ኮዬ ፈጬ

ብዙ ዓመት በኖርኩባት ጀርመን፣ ቤት የሚከራይ ሰው ከኪራዩ ቀጥሎ የሚጠይቀው ማሞቂያው ስንት እንደሚፈጅ ነው። ሕጉም አከራዩ የቤቱን የኃይል ፍጆታ የሚያሳይ ሰነድ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። አዲስ አበባ ስገባ ዓይኔ የኮንዶሚኒየሞቹን ግድግዳ መመርመር የጀመረው በዚሁ ልማድ ነበር። ብሎኬቱ ስስ፣ መስታወቱ ነጠላ፣ የመስኮቱ ፍሬም ብረት ነው። ግን እዚህ ሒሳቡ ሌላ ነው። ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች፣ ከምድር ወገብም 9 ዲግሪ ብቻ የራቀች ከተማ ማሞቂያም ማቀዝቀዣም ሳያስፈልጋት መኖር ትችላለች፤ ፀሐይና ነፋስ በወጉ ይግባላት እንጂ።

ይህ ደግሞ ተጨማሪ ሲሚንቶ አይጠይቅም። ሌሊቱ በሚበርድበት በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ሕንፃው ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሆኖ ቢቆም፣ ወደ ደቡብ የዞረው ሳሎን በብርዱ ወራት ፀሐይ ያገኛል፣ የከሰዓቱ ፀሐይም በበልግ ቤቱን አያግለውም። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ያየሁት ግን አንድ ዓይነት ብሎክ በየአቅጣጫው ተገትሮ ነው። እዚያ በምትኖረው በአክስቴ ሳሎን በጠራራ ፀሐይ መብራት ይበራል፣ ከማዶው ብሎክ ግን ሙሉ ብርሃን ይገባል። ያሳዘነኝ ይሄ ነው፤ በዚያው ዋጋ ሁለቱም ብርሃን ያገኙ ነበር።

አክስቴን ግን የሚያሳስባት ሌላ ነው። «ልጄ፣ ቤቱስ ይመስገነው፤ የቆጣሪውን ካርድ የሚበላብኝ ምጣዱ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል፤ ገና እስኪሰማ ብቻ ብዙ ይፈጃል። በየፎቁ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ምጣድ ከቀዝቃዛው ይጀምራል። ሕንፃዎቹ ሲነደፉ ለጋገራና ለእርድ፣ ለልብስ አጠባም ኮሚናል የሚባለው የጋራ ቤት አብሮ ታስቦ ነበር። አንዴ የሰማ ምጣድ ላይ ጎረቤታሞች ተራ ይዘው ቢጋግሩ ኖሮ የካርዱ ወጪ ይቀንስ ነበር። እኔ የገባሁበት ኮሚናል ግን ለሱቅ ተከራይቷል።

የኮንዶሚኒየም ፕሮግራሙን ማጣጣሌ አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር ከጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጋር የተሠራው ሥራ ብልህ ነበር፤ አስቀድሞ የተሠራ ቢምና ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ሲደረደር ለፎቁ የሚወጣው ብረትና ሲሚንቶ ይቀንሳል፣ ብሎኬቱንም የሚያመርቱት ጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት ነበሩ። 20 በመቶ ቅድሚያ ከፍሎ 80ውን በብድር ሸፍኖ ቤት ማግኘት ለብዙ ደሞዝተኛ ትልቅ ነገር ነበር።

ለኔ የልደታው ግንባታ ከሁሉም ይበልጥብኛል። አሮጌው ሰፈር ከፈረሰ በኋላ ኮንዶሚኒየሙ እዚያው ተሠራ፤ ምድር ቤቱ ሱቅ ሆነ፣ ባቡሩም በአቅራቢያው ያልፋል። መርካቶ በእግር ይደረሳል። ከከተማው ዳር ኮዬ ፈጬ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት ሰው ግን ፒያሳ ሥራ ለመግባት ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ ታክሲ ሰልፍ ይቆማል። የምጣዱ መብራት ከራሳችን ወንዞች የሚመነጭ ነው፤ የታክሲው ነዳጅ ግን በውጭ ምንዛሬ የሚገዛ ነው። በዚህ ሒሳብ ሜዳ ላይ በርካሽ የተሠራው ቤት እየተኖረበት ሲሄድ ይወደዳል፣ ወጪውንም በየቀኑ የሚከፍለው ነዋሪው ነው።

ለመልሶ ማልማት የፈረሰችውን ካዛንቺስን ሳያት ደግሞ የማውቃቸው ጓሮዎች የሉም። መልሶ ማልማት ከተባለ ከዚያ የተነሱት ሰዎች የሚመለሱበት አምስት ፎቅ ቤት፣ ሳሎኑ ወደ ደቡብ የዞረ፣ ኮሚናሉም ለምጣድ የቀረ፣ እዚያው እንዲሠራ እጠይቃለሁ።