ከምናለሽ ተራ የመጣ ቢላዋ

መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነኝ። ባለሱቁ የሚያብረቀርቀውን አቀበለኝ።

«ይሄ አይዝግም፣ እህቴ!»

አለመዛጉን አልጠላሁትም፤ ሽንኩርት የሚጨፈልቅ ቢላዋ ግን ቤቴ ሞልቷል። ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠውን ጥቁሩን አነሣሁ። ጠንካራ ብረት ነው፤ ስለቱ ይበረክታል። አጥበው ካላደረቁት ግን ይዝጋል፤ ይዛግ፣ ጨርቅ አለኝ። እጀታውን ገልበጥ አድርጌ አየሁ፦ ብረቱ እስከ ጫፍ ዘልቆ በ3 ምስማር ተመቷል። ግማሽ መንገድ የሚቀረው ዓይነት ዶሮ 12 ብልት ሳይሞላ ከእጀታው ይወልቃል። (በበዓል ዋዜማ ደርሶብኛል፤ ገና ጭኑ ላይ ነበርኩ።)

«ስንት ነው?»

«ለአንቺማ...»

«ለእኔ ተወውና ለሰው ስንት ነው?»

ሳቀ። ቀነሰልኝም። በተረፈችው ብር ሞረድ ገዛሁ።